«ታላቅ ቅናሽ» ምን ይነግራል? የበዓል ገበያ መልእክትና የመጀመሪያዋ መስመር

ደብረ ብርሃን፦ በዓል በቀረበ ቁጥር የከተማ ነዋሪው ስልክ ዕረፍት ያጣል። ባንኩ፣ የቴሌኮም ድርጅቱ፣ የኤሌክትሮኒክስ መደብሩ፣ የልብስና የጫማ ሱቁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሽቀዳድመው መልእክት ይልካሉ። አብዛኞቹ «ውድ ደንበኛችን» ብለው ይጀምራሉ፤ «ታላቅ ቅናሽ» ብለው ይቀጥላሉ። የትኛው ዕቃ ነው የቀነሰው? ከስንት ወደ ስንት? የት ነው የሚሸጠው? እስከ መቼ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከታች ይገኛል፤ ወይም ጭራሹን የለም። ተቀባዩም የመጀመሪያዋን መስመር በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ያልፋል።

በዚያው ሳምንት ከአንኮበር ደጋ የተነሣ አርሶ አደር ሦስት ወር ያህል የቀለባቸውን ሙክቶች ይዞ ገበያ ይወጣል። ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር። በዚህ መንገድ ላይ በጉ እጅ በተቀየረ ቁጥር ዋጋ ይጨመርበታል። ጭማሪው ግን ቀልቦ ላደገው ሰው አይደርስም። አርሶ አደሩ ያለው በግ እውነተኛ ነው፤ ገዥም እንዳለ ያውቃል። ገዥው ግን አርሶ አደሩን አያውቀውም። በመካከላቸው ሁለቱንም የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ደላላው ነው። የደላላው ሀብት በአብዛኛው ስልኩ ውስጥ ያሉት ቁጥሮችና በእነዚያ ቁጥሮች የሚያስተላልፋት አጭር ቃል ናት።

እንግዲህ በከተማው ሱቅ ዘንድ የሚባክነው ነገር በገጠሩ ሻጭ ዘንድ ጭራሹን የሌለ ነገር ነው። ጥያቄውም ቀላል ይመስላል፦ የበዓል ሸቀጥ ያለው ሰው በመልእክቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ምን ይጻፍ?

የመጀመሪያዋ መስመር ይህን ያህል የምትከብደው ስልክ በተቆለፈበት ሁኔታ የሚያሳየው የመልእክቱን መግቢያ ጥቂት ቃላት ብቻ ስለሆነ ነው። ቴሌግራምም እንዲሁ ነው። በኢሜይል ዘንድ ደግሞ ለዚህች መስመር የራሷ ሣጥን ተሠርቶላታል፤ ተቀባዩ ደብዳቤውን ከመክፈቱ በፊት የሚያየው የላኪውን ስምና ርእሱን ነው። ነገሩ ለሀገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሉ «ጉዳዩ፦» የምትል መስመር አለችው። ችግሩ ይህችን መስመር የምንጽፍበት ልማድ ነው። «ጉዳዩ፦ ትብብር እንዲደረግልን ስለመጠየቅ» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ኃላፊ የተጠየቀው መኪና ይሁን አዳራሽ፣ ወይስ ገንዘብ፣ እስከ መጨረሻው አንቀጽ ሳያነብ አያውቅም። የቀበሌውና የሱቁ ግድግዳም ከዚህ አይለይም። በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከሁሉ ገዝፎ የሚነበበው ቃል «ማስታወቂያ» የሚለው ነው፤ ወረቀቱ ማስታወቂያ መሆኑን ግን ከመንገድ ማዶ ያለ ሰውም ያውቀዋል። ትልቁ ፊደል የዋለው ምንም ለማይነግር ቃል ነው።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረች ጊዜ ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባ ትልቅ የንግድ ቦታ ነበረች፤ ከቆላውና ከባሕሩ ዳርቻ የመጡ ነጋዴዎች ከደጋው ሰው ጋር የሚገናኙት በእርሷ ነበር። በዚያ ዘመን ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቀን የገበያ ቀን በመሆኑ አዋጅ የሚነገረውም በገበያ ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል፤ ከዚያ ነገሩ በቀጥታ ይከተላል። ዛሬም በከተማ መንደሮች አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ሰው «ቆራሌው!» ብሎ ሲጮኽ የሚገዛውንም ሥራውንም በአንዲት ቃል ጠቅልሎ ይናገራል። ይህን የሚያህል አጭርና ግልጽ መልእክት የጻፈ ባለ ትልቅ መደብር ማግኘት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ እስከ 160 ሆሄያት ይይዛል። በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ክፍት ቦታውም፣ ነጠላ ሠረዙም፣ አኃዙም ከዚሁ ይቆጠራል። ከ70 ሲያልፍ መልእክቱ ይከፈላል፤ ሲከፈል ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል 67 ሆሄ ብቻ ይይዛል፤ አንዱም መልእክት እንደ ሁለት ይቆጠራል። በላቲን ፊደል በተጻፈ መልእክት መካከል አንዲት የግእዝ ፊደል ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ በ70ው ሒሳብ ይገዛል። ለመቶና ለሁለት መቶ ደንበኞች ለሚልክ ሻጭ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ብዙዎች በዚህ ምክንያት አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ይመርጣሉ። ምርጫው ግን እንደሚታሰበው ትርፍ የለውም። «ሙክት» በግእዝ 3 ሆሄ ነው፤ በላቲን 4 ወይም 5 ይፈጃል። የግእዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ላይ ስለሚይዝ 70 ሆሄ ከሚመስለው በላይ ሰፊ ነው። ከዚህም በላይ በላቲን የተጻፈን አማርኛ አንብቦ ለመረዳት ፊደሉን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ትምህርት ያቋረጠ አርሶ አደር የአባቱን ፊደል አንብቦ ይረዳል፤ ያንን ግን አይረዳም። ግእዝ የማያሳዩ አሮጌ ስልኮች ያሏቸው ደንበኞች ካሉ ለእነርሱ ብቻ ለይቶ መላክ ይቻላል።

የበዓል ሰላምታም በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። «ውድ ደንበኞቻችን እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ክፍት ቦታውን ጨምሮ 39 ሆሄ ነው። ከ70ው ከግማሽ በላይ ስለ ሸቀጡ አንዲት ቃል ሳይነገር አለቀ ማለት ነው። ሰላምታውን መተው ግን መፍትሔ አይሆንም፤ በዓልን ሳይጠሩ የበዓል ዕቃ ለመሸጥ መነሣት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ገዥውም ይታዘባል። በዓለም የመጀመሪያው አጭር የጽሑፍ መልእክት ራሱ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1992 በእንግሊዝ ሀገር የተላከ «መልካም ገና» የሚል ሰላምታ ነበር። የሚሻለው ሰላምታውን ማሳጠርና ወደ መጨረሻ ማውረድ ነው።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ መልእክት ይታሰብ፦ «የፋሲካ ሙክት፤ 12 በግ፤ ከ25-30 ኪሎ፤ አንኮበር ጎረቤላ፤ ሐሙስ ጠዋት»። ይህ 47 ሆሄ ነው። አሥር አኃዝ ያለው ስልክ ቁጥር ከነሠረዙና ከነክፍት ቦታው ሲጨመርበት 59 ይሆናል። በቀረው ቦታ «መልካም ፋሲካ» ይገባል፤ ድምሩ 69። አንድ ሆሄ ተርፏል። ገዥው ምን፣ ስንት፣ ምን ያህል የሚመዝን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ሁሉ በአንዲት መልእክት አገኘ፤ ሰላምታውም አልቀረበትም።

በዚህች መልእክት ውስጥ ዋናዋ ቃል «ሙክት» ናት። «በግ» ብሎ መጀመር ይቻል ነበር፤ ግን ጠቦቱም፣ ወጠጤውም፣ ያረጀችው እናት በግም በግ ናቸው። ሙክት የተኮላሸና የሰባ ነው፤ ለበዓል የሚፈልግ ሰው ቃሉን ሲያይ ያቆመዋል። በከብትም «ድልብ ሰንጋ» ማለት «በሬ» ከማለት ይለያል። በቅቤ «ለጋ» ወይስ «በሳል»፣ በማር «ነጭ» ወይስ «ቀይ»፣ በገብስ ለቢራ ብቅል የሚሆን ወይስ ለቆሎና ለበሶ የሚሆን መሆኑ ቀድሞ ሲነገር ገዥው ራሱ ይለያል። የማይፈልገው አይደውልም፤ የሚደውለው ሊገዛ የመጣ ነው። ሻጩ በገበያ ቀን ሰላሳ ጊዜ ስልክ አንሥቶ ሰላሳ ጊዜ «እናት በግ የለኝም» ከማለት ይድናል። ይህን የቃላት ሀብት የሰሜን ሸዋ አርሶ አደር ከማንም ማስታወቂያ ጸሐፊ በላይ ያውቀዋል፤ በቃል ሲገበያይ ይጠቀምበታል፤ ወደ ጽሑፍ ሲመጣ ግን እርሱም «ውድ ደንበኞቻችን» ማለት ይጀምራል።

የዋጋው ነገር ያከራክራል። ዋጋ ቀድሞ መጻፍ ገዥን ያመጣል፤ ሻጩን ግን ያስራል። በበዓል ሳምንት የበግ ዋጋ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ሰኞ የጻፈው ሰው ቅዳሜ ሊጸጸት ይችላል። በሱቅ ዕቃ ግን ይህ ምክንያት አይሠራም። የብርድ ልብስ፣ የጫማ ወይም የቴሌቪዥን ዋጋ በባለ ሱቁ እጅ ነው፤ «ቅናሽ» ብሎ ጽፎ የቀድሞውንና የአሁኑን ዋጋ መደበቅ የሚያስጠረጥር ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ የሚበረታባት፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋም የታወቀች ከተማ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ስለ ብርድ ልብስ የሚጻፍ መልእክት «ቅናሽ» የሚለውን ቃል ጭራሹን ላያስፈልገው ይችላል፤ መጠኑን፣ ዓይነቱንና ዋጋውን መንገር ይበቃዋል።

መልእክቱ የሚላክበት ቀንም የመስመሯን ያህል ያከብዳል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በጾሙ መካከል የሚላክ የሙክት መልእክት ለተራ ሸማች ጊዜው አልደረሰም። ለትልቅ ገዥ ማለትም ለሆቴሉ፣ ለሥጋ ቤቱና ለሠራተኞች ማኅበር ግን ከሁለት ሳምንት በፊት መድረስ አለበት፤ እነርሱ ገንዘብ የሚመድቡት አስቀድመው ነው። ቤተሰብ ከሰሙነ ሕማማት በፊት አይወስንም። ለአረፋ ደግሞ የተለየ ነው፤ ገዥው የበጉን ዕድሜና ጤና ይጠይቃል፤ እንከን ያለበት ለእርድ አይሆንምና። ከአንኮበር በታች ባለው ቆላ ለሚኖረው ሙስሊም ገዥ የሚላክ መልእክት «ሙሉ ጤነኛ፣ ዓመት የሞላው» ብሎ ቢጀምር ከ«ቅናሽ» የበለጠ ይነግረዋል። የተኮላሸ በግ የማይፈልግ ገዥ ይኖራልና ይህም ቀድሞ ቢገለጽ ጥሩ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ያልተሸጠው በግ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ መኖው ይቀጥላል፤ የበዓሉ ገዥ ግን ተበትኗል።

ኢሜይል ለአብዛኛው አርሶ አደር ሩቅ ነገር ነው። ለአንድ ወገን ግን ቅርብ ነው፤ በውጭ ሀገር ለሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች። ባሕር ማዶ ሆነው ለእናታቸው በግ፣ ዶሮና እንቁላል የሚያስገዙ ብዙዎች ናቸው፤ ክፍያውን ተቀብለው ስጦታውን በር ድረስ የሚያደርሱ ድርጅቶችም በየበዓሉ ይታያሉ። ለእነዚህ ደንበኞች በሚላክ ኢሜይል የርእሱ መስመር ላይ የሚፈጠረው ትልቁ ስሕተት የቀን ነው። «እስከ ታኅሣሥ 27 ይዘዙ» የሚል ርእስ ለደብረ ብርሃን ሰው ከገና ሁለት ቀን በፊት ማለት ነው። ዲሴምበርን «ታኅሣሥ» ብሎ መጥራት ለለመደው የውጭ ነዋሪ ግን ከዘጠኝ ቀን በፊት ያለፈ ቀን ነው። በዚህ ላይ ገና ታኅሣሥ 29 ቢውልም በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ 28 ላይ ይውላል፤ በፈረንጆቹ ግን ጃንዋሪ 7 መሆኑ አይለወጥም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «ጠዋት 3 ሰዓት» ለአንዱ ጀምበር የወጣችበት፣ ለሌላው ሌሊት ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር መጻፍ ጥቂት ሆሄ ይፈጃል፤ ያልደረሰ በግ ግን ደንበኛን ያስቀራል።

ያልተጠየቀ የማስታወቂያ ኢሜይል ታሪክ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የአሜሪካ የኮምፒውተር ኩባንያ ሻጭ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ማስታወቂያ ልኮ ከብዙዎች ቁጣ ደርሶበታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣችው ሕግ አሳሳች የኢሜይል ርእስ መጻፍን ይከለክላል። በሀገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለተቀባዩ ፈቃድ ለማስታወቂያ ወይም ለሽያጭ ኢሜይል ማሰራጨትን በእስራትና በመቀጮ ያስቀጣል። ላኪው ትክክለኛ ማንነቱንና አድራሻውን ከገለጸና ተቀባዩ በቀላሉ «አትላኩልኝ» የሚልበትን መንገድ ካስቀመጠ ግን አዋጁ ይፈቅድለታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛ ወይም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም እንዲሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰው ስልክ ቁጥር ለተሰጠበት ዓላማ ብቻ እንዲውል የሚጠብቅ ነው። ለጫማ ዋጋ በቴሌብር የከፈለ ሰው ቁጥሩን የሰጠው ለክፍያ ነው።

«ታላቅ ቅናሽ» የሚለው ርእስ ከሕጉ ጋር የሚጋጨው ቅናሹ ውሸት ሲሆን ነው። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ዋጋ ጨምሮ በበዓሉ ሳምንት ወደ ነበረበት የመለሰ ነጋዴ ቀንሷል ማለት አይቻልም። ሸማቹ ይህን የሚያረጋግጥበት መንገድ ጠባብ ነው። ዋጋ ለጥፎ መሸጥም ደረሰኝ መስጠትም በአዋጁ የነጋዴው ግዴታ ነው፤ ቀድሞ የለጠፈውን ዋጋ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ የያዘ ሸማች ለንግድ ጽሕፈት ቤት የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። ያ ከሌለ ቃል በቃል ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል» ብለው የሚጀምሩ የማጭበርበሪያ መልእክቶች በበዓል ሰሞን ይበረታሉ። አጭበርባሪው ከታማኙ ነጋዴ ቃል ይዋሳል፤ የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል። ታማኙ ነጋዴ ራሱ በቃለ አጋኖና በትልልቅ ተስፋ ሲጽፍ ሁለቱን መለየት ለተቀባዩ ከባድ ይሆናል። የሱቅ ስም፣ ቦታና የዕቃ ስም ያለበት ደረቅ መስመር የሚታመነው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ጽሑፍ ብቻውን የማይደርስባቸው ቤቶችም አሉ። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 የግብርና መረጃ መስመር በነጻ የሚደመጥ የድምፅ አገልግሎት ሆኖ መቀረጹ ማንበብ ለማይችለው አርሶ አደር በር ከፍቷል። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ በነበሩት ወራት ደግሞ የቴሌግራም ገበያቸውን ያጡ ነጋዴዎች ወደ ድምፅ ጥሪና ወደ አጭር መልእክት ተመልሰዋል። ለገጠሩ ሻጭ ከቴሌግራም ቻናል ይልቅ ባለ 70 ሆሄዋ መልእክት የበለጠ የምታስተማምነው ኢንተርኔት ስለማያሻት ነው።

አንድ አርሶ አደር ብቻውን ለመቶ ገዥ ሊልክ አይችልም፤ የመቶ ገዥ ቁጥርም የለውም። የሚችለው ማኅበሩ ነው። በጎች የሚያደልቡ ወጣቶች በየቀበሌው ተደራጅተዋል፤ ከቢራ ፋብሪካዎች የሚወጣው ተረፈ ምርት ለመኖ መዋሉም በደብረ ብርሃን ዙሪያ ለማድለብ ሥራው መልካም ዕድል ነው። እነዚህ ማኅበራት ፈቃዳቸውን የሰጡ የሆቴሎችን፣ የሥጋ ቤቶችንና የመሥሪያ ቤቶችን ቁጥር በአንድ መዝገብ ቢይዙ የደላላውን ሥራ በከፊል ራሳቸው ይሠሩታል። ደላላውን ማስወገድ ግን ቀላል አይሆንም፤ እርሱ ከቁጥር በላይ የሚሰጠው ዋስትና አለ። በጉ ታሞ ቢገኝ፣ ገዥው ሳይከፍል ቢሄድ ሁለቱም የሚይዙት እርሱን ነው።

ሌላው የጎደለ ነገር ሚዛን ነው። በአብዛኞቹ የቁም እንስሳት ገበያዎች በግ የሚሸጠው በዓይን ግምትና በእጅ ዳበሳ ነው፤ ጀርባው ይጨበጣል፣ ላቱ ይታያል፣ ዋጋ ይጠራል። «ከ25-30 ኪሎ» ብሎ የጻፈ ሻጭ ገዥው ሐሙስ ጠዋት ጎረቤላ ሲደርስ በጉን የሚመዝንበት ነገር ካላሳየው ክርክሩ ከዚያው ይጀመራል። ማኅበሩ ለመልእክት ከሚያወጣው ገንዘብ በፊት አንድ የእንስሳት ሚዛን መግዛት ይኖርበታል፤ ሚዛኑ እስኪገኝ ድረስ ግን «12 በግ፤ ሙክት» ብሎ ኪሎውን መተው ይሻለዋል።